የጋፋት ምድጃና የአዝቴኮች ድርሰት

ከዘመን ወደ ዘመን ተሻግሮ የማያውቀውን ትውልድ ስላየ ሰው የሚነገር ታሪክ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ነቢዩ ኤርምያስ የኢየሩሳሌምን መፍረስ እንዳያይ ሲል በለስ ልቀም ብሎ የላከው አቤሜሌክ፥ ከሙቀቱ የተነሣ በዛፍ ጥላ ሥር ጥቂት ጋደም ቢል 66 ዓመት እንደ ተኛ፥ በነቃም ጊዜ የለቀመው በለስ ወተቱ ገና ሲንጠባጠብ እንዳገኘው፥ ወደ ከተማይቱ ገብቶም ቤቱንና ዘመዶቹን ቢፈልግ እንዳጣ በተረፈ ባሮክ ተጽፎ ይገኛል። አቤሜሌክ የተሻገረው ወደ ፊት ነው፤ የሆነውንም ሊለውጥ አልተላከም። ወደ ኋላ ተመልሶ የሆነውን እንዳልሆነ ለማድረግ የሚሻ ሰው ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው የሚያሳይ አንድ የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ድርሰት አለ፤ እርሱን ማመስገን ለዚህ ጽሑፍ አንዱ ምክንያት ሲሆን፥ ሌላው ምክንያት ያው ድርሰት ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተፈጸመውን የራሳችንን ታሪክ በምን ዐይን ብናየው እንደሚሻል የሚያመለክት ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ በዘመን ቅደም ተከተል እተርከዋለሁ።

ደብረ ታቦር በጉና ተራራ አቅራቢያ በደጋው ላይ የተቈረቈረች፥ ስሟንም ጌታ ብርሃነ መለኮቱን ከገለጠበት ተራራ የወሰደች ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የየጁው ራስ ጉግሣ መናገሻቸው አደረጓት፤ ከእርሳቸውም በኋላ የልጅ ልጃቸው ራስ ዐሊ እንደ ራሴ ሆነው ከዚያው ገዙ፥ በጎንደር ያሉት ነገሥታት ግን ስም ብቻ ቀርቶላቸው ነበር። በ1834 ዓ.ም. በየካቲት ወር የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ ራስ ዐሊን በዚችው ከተማ ገጥመው ድል ካደረጉ በኋላ፥ ድላቸውን ሲያከብሩ ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ደርሰው ማረኳቸው፤ ድል ነሺው ምርኮኛ፥ የሸሸውም ራስ ዳግመኛ ባለ ሥልጣን ሆነ። ዘመነ መሳፍንት እንዲህ ያለ ዘመን ነበር።

በዚያ ዘመን መከራ የበዛበት ሕዝብ ከሚጽናናባቸው መጻሕፍት አንዱ ፍካሬ ኢየሱስ ነበር። መጽሐፉ ስለ መጻእያት ሲናገር፥ ከጥፋት ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣና በዘመኑ ሰላምና ጥጋብ እንደሚሆን ይተነብያል። የቋራው ካሣ ኃይሉ በሰኔ 1845 በአይሻል ራስ ዐሊን፥ በየካቲት 1847 ደግሞ በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው፥ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ በተቀቡ ጊዜ ይህንኑ የትንቢት ስም ለራሳቸው መረጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገና ያልመጣ ዘመን ስም የተሸከመ ሰው በዙፋን ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ደብተራ ዘነብም የዚህን ንጉሥ ታሪክ የጻፉት፥ ከእርሳቸው በፊት ዜና መዋዕል ይጻፍበት በነበረው በግእዝ ሳይሆን ሕዝቡ በሚናገረው በአማርኛ ነው፤ ኋላም አለቃ ወልደ ማርያም እንዲሁ በአማርኛ ጻፉ። የአማርኛ የታሪክ ትረካ ከዚህ ንጉሥ ጋር አብሮ የተወለደ በመሆኑ፥ ስለ ትረካ የሚያስብ ሁሉ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን መመለሱ አይቀርም።

ከንግሣቸው በኋላ ብዙም ሳይቈይ፥ በ1848 ገደማ፥ በስዊዘርላንድ በባዝል ከተማ አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና ማኅበር የተላኩ ሚሲዮናውያን ወደ ሀገር ገቡ። እነዚህ ሰዎች ወንጌልን ከእጅ ሥራ ጋር አዋሕደው እንዲያስተምሩ የሠለጠኑ ነበሩና ንጉሡ ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ወደዱት። ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በጋፋት መንደር አሰፈሯቸው፤ ቤንደር፥ ማየር፥ ኪንዝለን፥ ሳልሙለርና ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ከዚያው ቤት ሠሩ፥ ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም ተጨመሩባቸው። ዋልድማየርና ሳልሙለር የንጉሡ ወዳጅ የነበረው የእንግሊዛዊው የዮሐንስ ቤል ልጆች የሆኑትን፥ በእናታቸው ኢትዮጵያውያት የነበሩትን እኅትማማቾች አግብተው የሀገር አማች ሆኑ። የኢትዮጵያ ወጣቶችም ፊደልና የእጅ ሥራ እንዲማሩ በዚያው ትምህርት ቤት ተከፈተ።

በመጀመሪያ ንጉሡ ያዘዟቸው መንገድና ቀላል መሣሪያ ነበር። ኋላ ግን መድፍ ሥሩልኝ አሉ። ሚሲዮናውያኑ ይህን ጥበብ ከቶ አልተማርነውም ብለው ሲመልሱ፥ ንጉሡ አገልጋዮቻቸውን አስረው ሞክሩ አሏቸው። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ እንደገና ምድጃ ሠርተው፥ እንደገና ብረቱን አቅልጠው፥ ደጋግመው ወድቀው በመጨረሻ ተሳካላቸው፤ የንጉሡም ደስታ ልክ አልነበረውም። ዋልድማየር ይህን ሁሉ በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ተርኮታል። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ይበልጥ ልቤን የሚነካው ይህ የሙከራ ወራት ነው፤ በአንድ በኩል አያውቁትም የተባሉትን እንዲያውቁ የተገደዱ መነኮሳት መሰል የእጅ ሠራተኞች፥ በሌላ በኩል ዕውቀት በትእዛዝ እንደ ግብር ሊሰበሰብ የሚችል የመሰላቸው ንጉሥ፥ በመካከሉም ስማቸው ያልተጻፈ፥ ጭቃ ያቦኩ፥ ከሰል የተሸከሙ፥ ወናፍ የነፉ የበጌምድር ሰዎች አሉና። ቀጥቃጭ ቡዳ እየተባለ በሚናቅበት ሀገር ንጉሠ ነገሥቱ ከብረት አቅላጮች መካከል ቆመው ሥራውን ሲመለከቱ ማየት ለዚያ ትውልድ ምን ያህል ዕፁብ እንደ ነበረ ዛሬ መገመት ያስቸግራል።

ጋፋት እንዲህ ስትደክም የውጩ ነገር እየከፋ ሄደ። ንጉሡ በጥቅምት 1855 ለንግሥት ቪክቶርያ የላኩት የወዳጅነት ደብዳቤ መልስ አላገኘም፤ በ1856 የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን ታሰረ። በሀገር ውስጥም ከካህናቱ ጋር ስለ ርስተ ጉልት የተነሣው ክርክር፥ በተለይም ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል የተባለው ፍርድ፥ የሕዝቡን ልብ ከንጉሡ አራቀ፤ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ገቡ፥ ዋግ ሹም ጎበዜም ሸፈቱ፥ በመጨረሻም ለንጉሡ የቀረላቸው ከበጌምድርና ከመቅደላ ብዙም አይበልጥም ነበር። በኅዳር 1859 ጎንደር ተቃጠለች፥ የበጌምድር ገበሬም ከጦር ሠራዊቱ የደረሰበትን ግፍ የልጅ ልጆቹ አልረሱትም። ስለ ጋፋት የሚጽፍ ሰው የምድጃውን ብርሃን ብቻ አሳይቶ የተቃጠለውን ቤት ቢሸሽግ ታሪክ ጻፈ ሊባል አይገባውም።

በዚያው ዓመት ከሁሉ የሚበልጠው መድፍ በጋፋት ቀለጠ። ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚጠጋው ይህ መድፍ፥ ከጥቂት ዓመታት በፊት በክሪሚያ ጦርነት ዝናዋ በዓለም በተሰማው በሩስያ ወደብ ስም ሴባስቶፖል ተባለ። በ1860 መስከረም ሲያልቅ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፥ ሠራዊታቸውን፥ እስረኞቻቸውንና መድፋቸውን ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ። ሰረገላን በመጽሐፍ ቅዱስ እንጂ በመንገድ ያላየ ሕዝብ በመቶዎች ሆኖ በመንኰራኵር ላይ የተጫነ ተራራ መሳብ ጀመረ። መንገድ ስለሌለ መንገዱ ከመድፉ ፊት ፊት እየተሠራ ሄደ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉና ዐፈር እየዛቁ፥ ጋይንትን አቋርጠው ጨጨሆን አልፈው፥ ከዚያም የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጥተው፥ ስድስት ወር ያህል ተጕዘው በ1860 መጋቢት መቅደላ ደረሱ። እስረኞቹን ለማስፈታት የተላከው የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ጦር ከቀይ ባሕር ተነሥቶ ወደዚያው ሲገሰግስ፥ በጅዳ ገደል ያገኘው መንገድ ንጉሡ ለሴባስቶፖል የጠረጉት ነበርና ጠላት በዚያው መንገድ ወረደ። ደራሲ ቢፈጥረው እጅግ አበዛኸው የሚባልበት ነገር እንዲህ በእውን ሆነ።

ቀሪው በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። በስቅለት ዕለት፥ ሚያዝያ 3 ቀን፥ በአሮጌ ሜዳ ውጊያ ሆነ፤ በፋሲካ ማግስት፥ ሚያዝያ 6 ቀን፥ ንጉሡ እጄን አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ከመቅደላ የተዘረፈውን ሀብት 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች ተሸከሙት፤ በደብረ ታቦር የተወለደው ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁም ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1872 በ18 ዓመቱ እዚያው ሞተ። ሴባስቶፖል ግን ሊነሣ የሚችል አልነበረምና እስከ ዛሬ በመቅደላ ዐምባ አለ፤ ምስሉም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ ወደ ድርሰት ተሻገረ። በ1942 ዓ.ም. ደጃዝማች ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፥ የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ተውኔት የጻፉት የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ልጅና የ«አርአያ» ደራሲ፥ «ቴዎድሮስ» የተሰኘውን ታሪካዊ ተውኔት አወጡ። ለረጅም ጊዜ እንደ ጨካኝ ብቻ ይታሰቡ የነበሩት ንጉሥ በመድረክ ላይ ሕልም ያለው ሰው ሆነው ታዩ፤ ይህም ለደራሲው ትልቅ ምስጋና የሚያስገኝ ነው። ነገር ግን ከዚያ ጀምሮ በሕዝብ ልቡና የመቅደላው ሽጉጥ የጋፋቱን ምድጃ እየጋረደው ሄደ ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ለንደን እንሻገር። ካሜሮን በታሰረ በመቶኛው ዓመት፥ በኅዳር 1956፥ የእንግሊዝ የራዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅት ቢቢሲ «ዶክተር ሁ» የሚባል ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ማሳየት ጀመረ። አሳቡን ያመነጨው ካናዳዊው ሲድኒ ኒውማን ሲሆን፥ አዘጋጇ ቬሪቲ ላምበርት የምትባል ወጣት ሴት፥ የመጀመሪያውን ክፍል ያሰናዳው ደግሞ በህንድ የተወለደው ዋሪስ ሁሴን ነበር። ዶክተር የሚባል አንድ ሽማግሌ በሰማያዊ የፖሊስ ስልክ ሣጥን አምሳል በተሠራች መርከብ ከዘመን ወደ ዘመን ይጓዛል፤ ከእርሱም ጋር የልጅ ልጁ ሱዛን፥ የታሪክ መምህርቷ ባርባራና የሳይንስ መምህሩ ኢያን አሉ። ሁለት መምህራን የተመረጡት በከንቱ አይደለም፤ ወደ ኃላፍያት ሲሄዱ ልጆች ታሪክን፥ ወደ መጻእያትና ወደ ሰማያት ሲሄዱ ሳይንስን እንዲማሩ ታስቦ ነበርና። ስለ ማርኮ ፖሎ የተሠራው የመጀመሪያው ታላቅ የታሪክ ጉዞ ሰባቱም ክፍሎቹ በድርጅቱ ግዴለሽነት ተደምስሰው ጠፍተዋል፤ በግንቦትና በሰኔ 1956 የታየው፥ ጆን ሉካሮቲ የደረሰው «አዝቴኮች» ግን አራቱም ክፍሎች ሳይጐድሉ ደርሰውናል።

ተጓዦቹ የሚያርፉት እስፓንያውያን ከመድረሳቸው በፊት በነበረችው ሜክሲኮ፥ በአንድ የካህን መቃብር ውስጥ ነው። የመቃብሩ በር ከኋላቸው ሲዘጋ መርከባቸው በውስጥ ትቀራለች። ባርባራ ከመቃብሩ ያነሣችውን አምባር በክንዷ አድርጋ ስለ ወጣች ሕዝቡ የሞተው ካህን ዬታክሳ በእርሷ አካል ተመልሶ መጣ ብሎ ይሰግድላታል። ታሪክ የተማረች ናትና ይህ ሕዝብ በእስፓንያውያን እጅ እንደሚጠፋ ታውቃለች፤ ሰውን መሠዋት ቢተዉ፥ መልካሙ ሥልጣኔያቸው በቀረና ከጥፋት በዳኑ ብላም ታስባለች። ዶክተሩ ከተጻፈው ታሪክ አንዲት መስመር እንኳ አትለወጥም ብሎ ቢለምናት አልሰማ ትላለች። ዝናም እንዲዘንም የሚሠዋው ሰው በቀረበ ጊዜ በአምላክነት ሥልጣኗ ትከለክላለች፤ ሰውዬው ግን ክብሩን እንደ ተገፈፈ ቈጥሮ ራሱን ከመቅደሱ ጫፍ ወርውሮ ይሞታል፥ ወዲያውም ዝናም ይዘንማል። የመሥዋዕቱ ካህን ትሎቶክስል ለሕዝቡ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም።

ድርሰቱን እንዳደንቅ የሚያደርገኝ ከዚህ የሚከተለው ነው። በውስጡ ከሌላ ዓለም የመጣ አውሬ የለም፤ ጠላቱ ሰው ነው፥ ያም ሰው የአባቶቹን ሃይማኖት ከሐሰተኛ አምላክ የሚጠብቅ ካህን በመሆኑ በራሱ ዐይን ጻድቅ ነው፥ ስለ ባርባራም የጠረጠረው ሁሉ እውነት ነው፤ አምላክ አይደለችምና። በጎ ልብ ያለው የዕውቀት ካህን አውትሎክ ግን ያምናታል፥ ስላመናትም ሹመቱንም የኖረበትንም እምነት ያጣል። በሌላ በኩል ዶክተሩ ወደ መርከቡ መመለሻ ሲፈልግ በአረጋውያን የአትክልት ቦታ ካሜካ ከምትባል ብልህ ሴት ጋር ይተዋወቃል፤ የካካዎ መጠጥ አፍልቶ ለእርሷ መስጠቱ የጋብቻ ቃል ኪዳን መሆኑን ሳያውቅ ይታጫል። መንኰራኵርን በማያውቅ ሕዝብ መካከል ተቀምጦም እንጨት ጠርቦ የገመድ መሳቢያ መንኰራኵር ይሠራል፥ የመቃብሩም በር በእርሱ ይከፈታል። በመጨረሻ ፀሐይ ስትጨልም መሥዋዕቱ እንደ ጥንቱ ይፈጸማል። ባርባራ ምንም እንዳልለወጠች አይታ ታዝናለች፤ ዶክተሩም ሥልጣኔውን ባታድኚም አንድ ሰው አውትሎክን ረድተሻል ሲል ያጽናናታል። አውትሎክ እውነትን ፍለጋ ወደ በረሃ ሄዷል።

ድርሰቱ በጥቁርና ነጭ፥ በቀለም የተሣለ ተራራ ከኋላ ተሰቅሎ፥ በጠባብ ክፍል የተሠራ ነው። የባርባራን ክፍል የሠራችው ጃክሊን ሂል በዙፋኑ ላይ ተቀምጣ ስትታይ ግን ጥበቱ ይረሳል። ከዚያ ወዲህ የመጡ ብዙ የዘመን ጉዞ ድርሰቶች ታሪክን ለመለወጥ የሚችሉ ጀግኖችን አሳይተዋል፤ እኔ ግን የሉካሮቲን መንገድ እመርጣለሁ፤ ተመልካቹ ፍጻሜውን እያወቀ ፍጻሜው እንዲለወጥ እንዲመኝ ያደርገዋልና፥ ያ ምኞትም ያለፈውን ሕዝብ እንደ ሕያው ሰው መውደድን ያስተምረዋል።

በተከታዩ ዓመት፥ በ1957፥ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን ጀመረ። በ1958 የጎንደሩ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ን፥ በ1961 አቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ»ን አሳተሙ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በመጀመሪያ በእንግሊዝኛ፥ ኋላ በአማርኛ ስለ ቴዎድሮስ ተውኔት ጻፈ። እነዚህን ሁሉ ከ«አዝቴኮች» አጠገብ አድርጌ ሳስባቸው ጋፋት ለቴሌቪዥን የተፈጠረች መስላ ትታየኛለች። ባርባራና ቴዎድሮስ ይመሳሰላሉ ስል የአዝቴኮችን መሥዋዕት ከተዋሕዶ ካህናት ሥርዓት ጋር ማነጻጸሬ አይደለም፥ ይህ በደል ይሆናል፤ መመሳሰላቸው ሁለቱም የሌላ ሰው ስም ተሸክመው፥ ሕዝቡ ያልደረሰበትን ዘመን ከማሳመን ይልቅ በሥልጣን ቃል ለማምጣት መሞከራቸው ነው። ልዩነታቸው ደግሞ ባርባራ የሚመጣውን ታውቃለች፥ ንጉሡ አያውቁም። በጋፋት ድራማ የባርባራን ቦታ የሚይዘው ተመልካቹ ነው፤ የንግሥቲቱ መልስ እንደማይመጣ፥ ለናፒየር መንገድ የሚጠርጉት ንጉሡ ራሳቸው እንደሆኑ እርሱ ብቻ ያውቃል።

ስለዚህ የቴሌቪዥን ድርሰት ጸሐፊዎች ይህን ታሪክ ቢይዙት የምመኘው ከዘውድና ከሽጉጥ እንዳይጀምሩ ነው። ከታሰሩት አገልጋዮች ይጀምሩ፤ የከሸፈውን የመጀመሪያ ሙከራ በሙሉ ያሳዩ፥ ወናፍ የሚነፋውን የበጌምድር ልጅ ስም ሰጥተው ያናግሩት፥ የተቃጠለችውን ደብረ ታቦርም በእርሱ ዐይን ያሳዩን፤ ንጉሡን የሚቃወመውንም ካህን እንደ ትሎቶክስል በራሱ እምነት ጽኑና ቃሉ ሚዛን የሚደፋ ሰው ያድርጉት እንጂ ለመሸነፍ የተፈጠረ ሰነፍ አያድርጉት። ዶክተሩን ወደ ጋፋት ማምጣት አያስፈልግም፥ ንጉሡን የሚያድን ጥበብ መፍጠርም አያስፈልግም። ድርሰቱም መቅደላ ሳይደርስ፥ ሰዎቹ ሴባስቶፖልን በጠፍር እየሳቡ ጨጨሆን ሲያልፉ ቢያበቃ ይሻላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ተመልካቹ ከአባቶቹ ሰምቶታል።